አግዳሚው ብረት ይነሳ!

ቅዳሜ፣ ሜይ 3

ሰው ማስታወሻ የሚጽፈው ማታ ነው። ዳቦ ጋጋሪ ግን ማታ ተኝቷል። እኔ የምጽፈው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ምድጃው ሲበርድ፣ ሱቁን ዘግቼ፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ወረቀት ጻፍኩ። «ዳቦ ቤታችን ከኦገስት 30 ጀምሮ ይዘጋል። ለስልሳ ሁለት ዓመት ደንበኝነታችሁ እናመሰግናለን። ዊልማ ክሌርክ።» ሁለቴ አነበብኩት፤ ከዚያ መሳቢያው ውስጥ፣ ከወረቀት ከረጢቶቹ ሥር ሸጎጥኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ለእህቴ ለኤልስፔዝማ በጭራሽ! አባታችን የከፈተውን ሱቅ ልዘጋ ነው ብዬ በየትኛው አፌ?

መሳቢያውን ከመግፋቴ ማግነስ ዘው አለ። ማግነስ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ነው። ድምፁ ከሆዱ ይበልጣል፤ ሆዱም ትንሽ አይደለም።

«ዊልማ! አሥራ አራት!»

«ምኑ?»

«ባለ አልጋ መኪና፣ ቱሪስት የሚያድርበት! በዚህ ሳምንት ብቻ አሥራ አራቱ ወደ ወደቡ መጡ፣ ብረቱን አዩ፣ ዞረው ሄዱ። በመስኮቴ ቆጠርኳቸው። አሥራ አራቱም ውስጥ ሰው አለ፤ ሰው ሁሉ ደግሞ ሆድ አለው!»

ብረቱ የድሮው ዓሣ ገበያ ግቢ መግቢያ ላይ የተጋደመው ነው። ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ያለ መኪና ካለፈበት ጣሪያውን ይገሽልጠዋል። ሥሩ «ማደር ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ አለ።

«ጎረቤት ከተማ እኮ ማደር ፈቅደው ዳቦ ቤቱ ሁለት ሰው ቀጠረ» አለ ማግነስ። «እኛ ግን የትኛው ደደብ ይህን ብረት እንደተከለብን እንጃ።»

እኔ በዚህ ጊዜ ትሪ መፈተግ ነበረብኝ። ብዙ ትሪ ፈተግሁ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

ሩጫ ላይ ነኝ። ማስታወቂያው ወጣ! «አግዳሚው ብረት ይነሳ! ስምንት ቦታ፣ የውሃ ቧንቧ፣ መድፊያ።» ማግነስ ብርቱካንማ ወረቀት ላይ አሳተመው። ከባሕር ላይ ሳይታይ አይቀርም።

ኤልስፔዝ መጣች። የወደቡ ኮሚቴ ሊቀመንበር ናት፤ አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምራለች፤ የከተማው ግማሽ እስከዛሬ ሲያያት ኪሱ ውስጥ ያለውን ማስቲካ ይደብቃል።

«መድፊያ ምንድነው?»

«የሽንት ቤታቸውን ሣጥን የሚደፉበት።»

«በቁርስ ሰዓት ነው ይህን የምትነግሪኝ?»

ሁለት በተሪ፣ ያንን ቅቤና ጨው የበዛበት የአገራችንን ጠፍጣፋ ዳቦ፣ ገዝታ ወጣች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሁለት ነው። አንዱ ለጠዋት፣ አንዱ ለሻይ ሰዓት።

ቅዳሜ፣ ሜይ 10

አንድ ሆላንዳዊ መጣ። ነጭ ጢም፣ ረጅም፣ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ፤ ስሙ ዊብ። እንደ አተር አረንጓዴ የሆነች አሮጌ ባለ አልጋ መኪና አለችው። በተሪ አንስቶ እዚያው ቆሞ ገመጠ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

«እመቤት፣ ይህ ጨው ነው ወይስ ቅቤ?»

«ሁለቱም ነው። ዱቄት የሚገባው ለማያያዣ ያህል ነው።»

አራት ወሰደ። ደስታዬ ልክ አጣ። በተሪ ሲያዩት አያምርም፤ ጠፍጣፋና የተጨማደደ ነገር ነው። የሚቀምሰው ሰው ዓይን ሲጨፈን ማየት ግን ለእኔ ደመወዝ ነው።

የት እንደሚያድር ጠየቅሁት። ወደ መቃብሩ በሚወስደው መንገድ፣ ድንጋይ ማውጫው አጠገብ አለኝ።

«ያን ያህል ርቀው! ለምን እዚህ አይወርዱም?»

«ብረቱ» አለ።

ከአንገቴ በላይ ቲማቲም ሆንኩ። የምድጃው ሙቀት መስሎት ይሆናል።

ሐሙስ፣ ሜይ 15

ስብሰባ ነበር። ማግነስ ሃምሳ ዓመት ሞልቶት ለመናገር እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ይፈቀድልኝ?» አዳራሹ በሳቅ አለቀ። ኤልስፔዝ አልሳቀችም።

«ተናገር፤ ግን ሌላውን እጅህን ከኪስህ አውጣ» አለችው። አወጣ!

ሆኖም ተሳካልን። የሁለት ሌሊት ሙከራ ተፈቀደ፤ ጁን 7 እና 8። መጨረሻ ላይ ግን ኤልስፔዝ መነጽሯን አውልቃ «ብረቱ በቁልፍ ተከፍቶ ይነሳል እንጂ አይቆረጥም። ቁልፉ የታለ?» አለች።

ማግነስ ኪሶቹን ሁሉ ዳበሰ።

«ቁልፉ ካልተገኘ ሙከራ የለም። ስብሰባው አብቅቷል።»

ስወጣ አንዱ ከኋላዬ «እህትማማቾቹ ሊናከሱ ነው» ሲል ሰማሁ። ልቤ ላይ ተሰካብኝ። እሷ ስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ጫማዬን ማሰር ያስተማረችኝ እሷ ናት። አሁን ደግሞ ሱቄን በቁልፍ ልትቀብረው ነው።

ሰኞ፣ ሜይ 19

ቁልፍ ፍለጋ አበድን። ማግነስ የሟቹን የወደብ ኃላፊ ሚስት መሳቢያዎች በሙሉ ገለበጠ። አሥራ ሰባት ቁልፍ፣ አንድ ሰው ሠራሽ ጥርስና ጥሩ ቢላ አገኘ። ለአውራጃው ቢሮ ስልክ ደወልኩ፤ እነሱ ዘንድ አለመኖሩን በትሕትና ነገሩኝ።

በቁልፍ መሐል ቁጭ ብዬ ቁልፍ መፈለጌ ራሴን ያስቀኛል። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ የከተማው ትርፍ ቁልፍ የሚሰቀለው እዚህ ግድግዳ ላይ ነው። መንገድ የሚሄድ፣ በሩ የሚዘጋበት፣ ሰክሮ የሚመጣ ሁሉ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነቅቶ የሚያገኘው ዳቦ ጋጋሪውን ብቻ ነዋ። አርባ ምስማር፣ አርባ ስም። የቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ የነፍስ አድን ጀልባው መጋዘን አለ፣ የማግነስ ሦስት ነው። ከእርሾ ማቀዝቀዣው በላይ ግን ሰማያዊ ክር የታሰረባት ስም የለሽ የዛገች ቁልፍ አለች። የኋላ መጋዘኔ ላይ ሞከርኳት፤ አልከፈተችም።

ኤልስፔዝ ዛሬ አራት በተሪ ገዛች።

«እንግዳ አለብሽ እንዴ?»

«ለወፎቹ ነው።»

ለወፎቹ! የባሕር ወፍ በጃንጥላ የምትደበድብ ሴት!

ቅዳሜ፣ ሜይ 24

ዊብን በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲመሰክርልን ለመንኩት። እንደ እሱ ያለ ጨዋ ሰው ቢናገር ግማሹ ኮሚቴ ይለሰልሳል።

«አልችልም» አለ። «ነገሩ ውስጥ የራሴ ጥቅም አለኝ።»

«ባለ መኪና መሆንዎን ሁሉም ያውቃል እኮ!»

ጢሙን እያሻሸ ሳቀ፣ እያንጎራጎረ ወጣ። ሆላንዳውያን ለሕሊናቸው በጣም ይጠነቀቃሉ ማለት ነው።

ኤልስፔዝ ግን ታስፈራኛለች። በዚህ ሳምንት ሦስት ቀን በሻይ ሰዓት በሯን ባንኳኳ የለችም። መስኮቷ ላይ ያለው አበባ ጠውልጓል። ማግነስ «በየቤቱ እየዞረች ፊርማ እያሰባሰበችብን ነው» አለኝ። በኋላ ግን የፖስታ አመላላሿ፣ ኤልስፔዝ ፔርሙዝ ይዛ በመቃብሩ መንገድ ስትወጣ ማየቷን ነገረችኝ። በሳምንት ሦስት ቀን የእናታችንን መቃብር ትጎበኛለች ማለት ነው! እኔ ከፋሲካ ወዲህ አልሄድኩም። ስለ ሽንት ቤት መድፊያ እየጮህኩ እናቴን ረሳሁ። አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ሜይ 28

ኤልስፔዝ፣ ስድስት በተሪ። ስድስት! ከንፈሯ ላይም ቀለም ነገር አየሁ፤ እንጆሪ ማርማላታ ይሆናል።

መልሷን ስሰጣት ቆማ ግድግዳውን አየች።

«ያቺን ባለ ሰማያዊ ክር ዝገት በልቷታል» አለች። «ዘይት ቀቢያት።»

«ምን ያደርግልኛል? የማን እንደሆነች እንኳ አላውቅም።»

«ዊልማ፣ ቁልፍ ዘይት ይፈልጋል። ይህ አስተያየት አይደለም።»

በሩን ድም አድርጋ ወጣች። አሥር ቀን ቀርቶን እህቴ ስለ ዝገት ትመክረኛለች!

ዓርብ፣ ሜይ 30

አገኘኋት!! አገኘኋት አገኘኋት አገኘኋት!

ከነገሩ ለመገላገል ዘይት ቀባኋት፤ በጨርቅ ስወለውል ከዝገቱ ሥር 417 የሚል ቁጥር ወጣ። ሽርጤን ሳልፈታ ወደ ወደቡ ሮጥኩ። የብረቱ ጓጉንቸር ላይ ምን ቢጻፍ ጥሩ ነው? 417! ጠቅ አለች፤ ዞረች፤ ተከፈተች። ብረቱ እየጮኸ ሽቅብ ተነሳ፣ እኔም አብሬው ጮህኩ። ማግነስ ከመጠጥ ቤቱ ወጥቶ ከነ ሆዱ አቅፎ አሽከረከረኝ።

«የት ነበረች?» አለኝ።

«ግድግዳዬ ላይ።»

«እንዴት እዚያ ተሰቀለች?»

«እንጃ እባክህ! አርባ ቁልፍ አለ!» አልኩት።

እንጃ አልኩት። ጻፍኩት እንግዲህ፤ እንጃ ነው ያልኩት።

እሑድ፣ ጁን 8

ወይ ጉድ! ስምንት ስንጠብቅ አሥራ አንድ መጡ። ዳቦው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አለቀ! ሁለተኛ ጋገርኩ፤ አለቀ! ሦስተኛ! ከተማውን የሚያካልል ሰልፍ በሬ ላይ ቆመ አልልም፤ ግን እስከ ድልድዩ ደርሷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ዓሣ ሻጯ በረዶ አልቆባት ከማግነስ ተበደረች። ማግነስ ወንበር አልቆበት የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚዎች አወጣ። ቁልፉ ከማን? ከእኔ!

አንድ ነገር ብቻ ተበላሸ። አንዱ ሰውዬ ሣጥኑን ይዞ «የት ልድፋ?» ሲለው፣ ማግነስ ሞቅ ብሎት «ከእኔ ቤት ሽንት ቤት ድፋ ወንድሜ፣ ቤትህ ነው!» አለው። ሣጥኑ ውስጥ የሚጨምሩት መድኃኒት ሰማያዊና አረፋማ ኖሯል። አረፋው በበሩ ሥር ወጥቶ የዳርት ቀስት የሚወረውሩት ደንበኞች ድረስ ሄደ። ማግነስ ካልሲው እስካሁን ሰማያዊ ነው።

ኤልስፔዝ ይህን ሁሉ ከመስኮቷ እያየች ትጽፍ ነበር። አለቀልን።

ደግሞ ዊብ በሙከራው አልመጣም። ለሁለት ሌሊት በነፃ ቦታ አዘጋጅተን ድንጋይ ማውጫው አጠገብ ቀረ። ገርሞኛል።

ማክሰኞ፣ ጁን 10

እህቴ መጥታ ሩብ ሰዓት ሙሉ አስተማረችኝ። የመጠጥ ውሃው ቧንቧና የሣጥን ማጠቢያው ቧንቧ መራራቅ አለባቸው። የማጠቢያው ጎማ ቀለሙ መለየት አለበት፤ አለበለዚያ ሰው አሳስቶ ይጠጣበታል። የመድፊያው ወለል ወደ ፍሳሹ ዘንበል ይበል። መኪኖቹ አፋቸውን ወደ ባሕሩ ያዙሩ፤ ጠዋት ሰው በሩን ሲከፍት ነፋስ እንዳይገባበት።

«ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው?»

«አነበብኩ።»

ጠላቴ ጎበዝ ተማሪ ናት። በእያንዳንዱ ቧንቧ አንድ «እምቢ» ልታወጣ ነው። ስምንት በተሪ ገዛች። ለወፎቹ! የከተማችን የፖርትሎኒ ወፎች መብረር ሳያቅታቸው አይቀርም።

ረቡዕ፣ ጁን 25

ነገ ነው። ከኮሚቴው ስምንት አባላት አራቱ ከእኛ ጋር ናቸው፣ አራቱ አይደሉም። እኩል ከሆነ የሊቀመንበሯ ድምፅ ይወስናል። መሳቢያውን ከፍቼ ወረቀቱን አየሁት። ኦገስት 30።

እውነቱን እዚህ እንኳ ካልጻፍኩ የት ልጽፈው ነው? ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አንድ ባለ አልጋ መኪና በሬ ላይ ቆሞ የዱቄት ጭነቴን አገደው። ሹፌሩ ገባ፣ በተሪዬን አየ፣ ለሚስቱ «ይሄን ደግሞ ሰው ረግጦታል» አላት። ረግጦታል! በስምንት ሰው ፊት! በማግስቱ ወረቀት ይዤ በየቤቱ ዞርኩ። «የማደሪያ መኪናዎች ከወደባችን ይውጡ።» ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፊርማ፤ የመጀመሪያው የእኔ። ብረቱ ሲተከል ሠራተኛው ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔም በሰማያዊ ክር አስሬ ሰቀልኳት፣ ስም ሳልጽፍባት፤ ቁጥሩ ከዝገቱ ሥር እስኪወጣ ድረስም ረስቻት ነበር። ማግነስ ያን ጊዜ ባሕር መሐል ነዳጅ ማውጫ ላይ ይሠራ ነበር፤ አያውቅም፤ የፈረሙትም ረስተውታል።

ኤልስፔዝ ግን ታውቃለች። ኤልስፔዝ አንድም ወረቀት ጥላ አታውቅም።

ዓርብ፣ ጁን 27

ትናንት ከመድረኩ ተነስታ ከቦርሳዋ ያንን ወረቀት አወጣች። ቆሌዬ ተገፈፈ።

«ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የተፈረመ አቤቱታ እዚህ አለ» አለች። «የመጀመሪያዋን ፈራሚ ላንብብ ወይስ ራሷ ትናገራለች?»

ማግነስ ወዲያ ወዲህ እየዞረ «ማን ነው? ማን ነው?» ይላል።

ተነሳሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በተሪዬን ሰው ረግጦታል ስላሉኝ ነው።»

ከኋላ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ማግነስ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። «ደደብ ያልኩት አንቺን ነበር እንዴ! አሥራ አራት ዓመት፣ ለአንድ በተሪ!» እኔም ሳቄ መጣ፤ እየሳቅሁ ግን እንባዬ ወረደ። የዘጋሁት እኔ ነኝ አልኩ። በሩን በራሴ እጅ ዘግቼ ሰው አልመጣም ብዬ ሳማርር ኖርኩ አልኩ። ብረቱ ካልተነሳ ሱቄ በኦገስት ያበቃለታል አልኩ። ይህን ልናገር አላሰብኩም ነበር፤ አመለጠኝ።

ሳቁ ቆመ። ኤልስፔዝ መነጽሯን አወለቀች። ስለ ሱቁ አታውቅም ነበር፤ ከፊቷ ገባኝ።

እጅ ተቆጠረ። አራት፣ አራት።

«ስሕተቱን ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ላረመ ተማሪ ሁልጊዜ ሙሉ ነጥብ እሰጥ ነበር» አለች። «እደግፋለሁ። ሁለት ቧንቧ፣ የተራራቁ። የማጠቢያው ጎማ ቀይ ይሁን። መኪኖቹ አፋቸውን ወደ ባሕር ያዙሩ። ስብሰባው አብቅቷል።»

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ማግነስ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፤ ጠረጴዛው ተሰበረ። እኔ ዓሣ ሻጯን ሳምኳት፤ ፖስታ አመላላሿን ሳምኳት፤ እምቢ ካሉት አራቱ አንዱንም ስሜዋለሁ መሰለኝ። ኤልስፔዝን ልስም ብፈልጋት ሄዳለች።

ዛሬ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሊጡን ሳቦካ ስዘፍን ነበር። ለራሴ ስለ ድምፄ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 5

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ የኋላ በሩ ተንኳኳ። ኤልስፔዝ ነበረች። የንፋስ ጃኬት፣ አዲስ ጫማ። ከንፈሯ ላይ ያለው ማርማላታ አልነበረም።

«አሥራ ሁለት በተሪ» አለች።

«ለወፎቹ?»

«ለመንገድ።»

በትከሻዋ በኩል አየሁ። ብረቱ ሽቅብ ተነስቷል፤ ግቢው ውስጥ አረንጓዴዋ መኪና አፏን ወደ ባሕር አዙራ ቆማለች። ዊብ ከመሪው ኋላ ሆኖ ባርኔጣውን አነሳልኝ፤ ፊቱ እንደ እኔ የዚያን ቀን ፊት ቲማቲም ሆኗል።

አንድ በአንድ ወደ ጭንቅላቴ ገባ። ፔርሙዙ። የመቃብሩ መንገድ። ቀዩ ጎማ። የራሴ ጥቅም አለኝ!

«ኤልስፔዝ ክሌርክ» አልኩ፣ «እኔ እኮ የእናታችንን መቃብር የምትጎበኚ መስሎኝ ስድስት ሳምንት ሳፍር ከረምኩ!»

«እሷንም አይቻታለሁ፤ መንገዴ ላይ ናት» አለች። ከዚያ ፈገግ አለች። ይህን ፈገግታ ልጅ ሆነን ከዳቦ ቤቱ ስኳር ስትሰርቅ ነበር የማውቀው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሊቀመንበር ነበርኩ። ትናንት ለቀቅሁ።»

የቤቷን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቁልፏን እዚህ ሰቅላ አታውቅም። የትም ሄዳ አታውቅምና።

«አበባውን አጠጪልኝ።»

«እስከ መቼ?»

«መጀመሪያ ወደ ሰሜን፤ ከዚያ እናያለን። አንቺ በሩን እንዳትዘጊ ብቻ።»

አቀፈችኝ። ጃኬቷ አዲስ ፕላስቲክ ይሸታል። ከዚያ ሄደች፤ መኪናዋ በብረቱ ሥር ሳትነካው አለፈች፤ በመስኮት የወጣው እጅ የእህቴ ነበር።

እንግዲህ ሰው እንዲያድርልን ብዬ ብረት አስነሳሁ፤ በዚያው በር እህቴ ወጣች። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ፤ ሁለት ትሪ ዳቦ እስኪያርርብኝ ድረስ አለቀስኩ።

ስምንቱም ቦታ ሞልቷል፤ ሰልፉ በሩ ላይ ሆኖ «ምን እያረረ ነው?» ይላል። መሳቢያውን ከፍቼ ያን የኦገስት ወረቀት አወጣሁ። ከጀርባው ጥግ ትንሽ ቆረጥኩና «ኤልስፔዝ» ብዬ ጻፍኩበት፤ ከቁልፏ ጋር አሰርኩት፤ ከእርሾ ማቀዝቀዣው በላይ፣ ባለ ሰማያዊ ክሯ በነበረችበት ምስማር ላይ ሰቀልኩት። የቀረውን ወረቀት ምድጃው ውስጥ ጨመርኩና በሩን ከፈትኩ።